አሜሪካን ለሁለት የከፈላት ጦርነቱ ነው ወይስ ውሸቱ?

(ይህ ጽሑፍ በአንድ የንባብ ክበብ ለተሰበሰቡ ወጣቶችና አዛውንቶች በቃል ያሰማሁት ንግግር ነው። ለጋዜጣው ገጽ እንዲበቃ ጥቂት ከማሳጠሬ በቀር አልነካካሁትም። ዓ.ም. ተብለው ካልተጻፉ በስተቀር ዓመቶቹ በሙሉ የፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የዛሬው ርዕሴ የቬትናም ጦርነት ነው። «የራሳችን ጦርነት አልበቃን ብሎ ነው ወይ የሰው አገር ጦርነት የምትተርክልን?» የምትሉኝ ትኖሩ ይሆናል። አልፈርድባችሁም። ነገር ግን ቬትናም ለኛ ያን ያህል ባዕድ አገር አይደለችም። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ የነበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የሆ ቺ ሚን ስም ከቼ ጉቬራ ስም ጋር በተማሪው መዝሙር ውስጥ እንዴት ይጠራ እንደነበር አትረሱትም። አሜሪካ ይማሩ የነበሩት ወንድሞቻችንና እህቶቻችንም ያ ሁሉ ሰልፍና ጩኸት ሲካሄድ እዚያው ግቢዎች ውስጥ ነበሩ። ስለዚህ ወሬው በሩቁ የመጣብን አይደለም።

እኔ ግን ዛሬ ስለ ሆ ቺ ሚን ጀግንነት ልተርክላችሁ አልመጣሁም። የመጣሁት ስለ አሜሪካ ልነግራችሁ ነው። በዓለም ላይ እንደሷ የታጠቀ አልነበረም፤ ጦርነቱም የሚካሄደው ከአገሯ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ነበር፤ አንድም የጠላት ጥይት በመሬቷ ላይ አልተተኮሰም። ታዲያ አባትና ልጅ በአንድ ማዕድ ተቀምጠው መነጋገር እስኪያቅታቸው ድረስ ያቺን አገር ምን ነካት? የጥያቄዬ መልስ አጭር ነው። ጦርነቱ አቆሰላት፤ ቁስሉን ያመረቀዘው ግን ውሸቱ ነው።

በጨለማ ደረሰ የተባለው ጥቃት

አሜሪካ ቬትናም ውስጥ የገባችው አንድ ቀን ጧት ተነስታ አይደለም። ፈረንሳዮች በ1954 ዲየን ቢየን ፉ ላይ ተሸንፈው ሲወጡ አገሪቱ በጄኔቭ ስምምነት ለጊዜው ተብሎ ሰሜንና ደቡብ ሆነች። ሰሜኑን ሆ ቺ ሚንና ኮሚኒስቶቹ ያዙ፤ ደቡቡን አሜሪካ የምትረዳው መንግሥት ያዘ። መጀመሪያ ገንዘብ ተላከ። ቀጥሎ አማካሪ ተላከ። ቀጥሎ ሄሊኮፕተር ተላከ። ከዚያ በኋላ ሰው ሲላክ ማን ይደንግጥ?

ኦገስት 2 ቀን 1964 የሰሜን ቬትናም ጀልባዎች በቶንኪን ባሕረ ሰላጤ ከአንዲት የአሜሪካ የጦር መርከብ ጋር ተታኮሱ። ይኼ በእርግጥ የሆነ ነገር ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ግን በድቅድቅ ጨለማ ሌላ ጥቃት ተፈጸመ ተባለ። ፕሬዚዳንት ጆንሰን ለሕዝቡ በቴሌቪዥን ተናገሩ፤ አውሮፕላኖቹም ተነሱ። ኦገስት 7 ቀን ምክር ቤቶቹ ለፕሬዚዳንቱ የፈለጉትን እርምጃ የመውሰድ ሥልጣን ሰጡ። ድምፁ በተወካዮች ምክር ቤት 416 ለዜሮ፣ በሴኔቱ ደግሞ 88 ለ2 ነበር። «አይሆንም» ያሉት ሁለቱ ሴናተሮች የኦሪገኑ ዌይን ሞርስና የአላስካው ኧርነስት ግሩኒንግ ነበሩ። በ1968 ምርጫ ሁለቱም ወንበራቸውን አጡ። እውነት የተናገረ ሰው ዋጋው ይኼ ነው ማለት ነው።

ያ የሁለተኛው ቀን ጥቃትስ? በ2005 ምሥጢርነቱ የተነሳለት የራሱ የአሜሪካ የስለላ መሥሪያ ቤት የታሪክ ጥናት እንዳስረዳው፣ በዚያች ሌሊት ጥቃት የሚባል ነገር አልነበረም። ከ40 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው! አበው «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ያሉት ለዚህ ነው። ችግሩ እስኪነጋ ድረስ ስንቱ ሞተ የሚለው ነው።

በማርች 1965 ዳናንግ ላይ 3,500 ማሪኖች ወረዱ። ዓመቱ ሲያልቅ ወታደሩ 184 ሺህ ሆነ። በ1969 ደግሞ 543 ሺህ ደረሰ። ሕዝቡ ግን በየጊዜው ይነገረው የነበረው «ድሉ ቀርቧል» የሚል ነበር።

የማን ልጅ ሄደ?

ወታደሩ ከየት መጣ? የኛ ሰው «ብሔራዊ ውትድርና» የሚለውን ቃል ሲሰማ ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ። አሜሪካም የግዳጅ ምልመላ ነበራት። በጦርነቱ ዘመን ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ወጣት በግዳጅ ተመለመለ። ነገር ግን ግዳጁ ለሁሉም እኩል አልነበረም። ኮሌጅ የገባ ተማሪ እስኪጨርስ ይቆይ ነበር። ኮሌጅ የሚገባው ደግሞ ይብዛም ይነስ ያለው ሰው ልጅ ነው። ሐኪም ዘመድ ያለው፣ ጠበቃ የሚያውቅ፣ ቀዳዳውን ያገኛል። የገበሬው፣ የፋብሪካ ሠራተኛው፣ የጥቁሩ ልጅ ግን ጠመንጃ ተሸክሞ ጫካ ገባ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጥቁር ወታደሮች ይሞቱ የነበረው በሕዝቡ ውስጥ ካላቸው ድርሻ በላይ ነበር።

ማርቲን ሉተር ኪንግ ኤፕሪል 4 ቀን 1967 ኒውዮርክ ውስጥ በሪቨርሳይድ ቤተ ክርስቲያን ቆመው ጦርነቱን በግልጽ ያወገዙት ይህን አይተው ነው። በአገራቸው አብረው አንድ ትምህርት ቤት መማር የማይችሉ ጥቁርና ነጭ ወጣቶች በሰው አገር አብረው ይገድላሉ፣ አብረው ይሞታሉ ነበር ነገራቸው። በማግስቱ ትልልቆቹ ጋዜጦች ሳይቀሩ ወረዱባቸው። «የማያገባቸው ገቡ» ተባለ። ልክ በዓመቱ፣ በዚያችው ኤፕሪል 4 ቀን፣ ሜምፊስ ላይ ተገደሉ።

ቦክሰኛው መሐመድ አሊም በዚያው በኤፕሪል 1967 ሂውስተን ላይ ስሙ ሲጠራ አንድ እርምጃ ወደፊት አልራመድም አለ። የዓለም ሻምፒዮንነቱን ነጠቁት፤ አምስት ዓመት እስራት ፈረዱበት። ይግባኝ ጠይቆ ሳይታሰር ቢቆይም ከሦስት ዓመት በላይ ከመድረክ ተባረረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነፃ ያወጣው በ1971 ነው። አስቡት፣ ቦክሰኛ ያለ የሌለ ጉልበቱ በሚሠራበት ዕድሜ!

በዲሴምበር 1969 መንግሥት አድልዎውን አስቀራለሁ ብሎ ሎተሪ አመጣ። የዓመቱ ቀናት በሙሉ በትናንሽ ብልቃጦች ተከትተው 366 ዕጣ በቴሌቪዥን ፊት ወጣ። የተወለድክበት ቀን ቶሎ ከወጣ ወደ ጦር ሜዳ፤ ከዘገየ ወደ ቤትህ። የስንቱ እናት ያን ዕለት ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጣ የልጇን ልደት ረግማ ይሆን?

አሁን ወደ መከፋፈሉ እንምጣ። በሜይ 4 ቀን 1970 ኦሃዮ ውስጥ በኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ የብሔራዊ ዘብ ወታደሮች በሰልፈኛ ተማሪዎች ላይ ተኩሰው አራት ገደሉ፤ ዘጠኝ አቆሰሉ። ጉዱ ግን ከዚያ በኋላ ነው። በተደረገው የሕዝብ አስተያየት ጥናት ከመቶ 58ቱ «ጥፋቱ የተማሪዎቹ ነው» አለ። ዘቡን የወቀሰው ከመቶ 11 ብቻ ነው። በአራተኛው ቀን ደግሞ ኒውዮርክ ውስጥ የግንባታ ሠራተኞች የሥራ ቆባቸውን እንዳደረጉ ወጥተው ሰልፈኛ ተማሪዎችን ደበደቡ። ለምን ትሉኝ ይሆናል። ሠራተኛው የሚያየው እንዲህ ነው፤ የኔ ልጅ ወይ የጎረቤቴ ልጅ ጫካ ውስጥ ነው፤ ይኼ ቅምጥል ደግሞ ኮሌጁ ውስጥ ተቀምጦ ባንዲራ ያቃጥላል። ተማሪው ደግሞ እኔ እኮ የምጮኸው ልጅህ እንዳይሞት ነው ይላል። ሁለቱም የየራሳቸው እውነት ነበራቸው። ወታደሩን የላከው ግን ሁለቱም አልነበሩም። ላኪው ቢሮው ተቀምጦ ሁለቱ ሲደባደቡ ያይ ነበር።

1968

በፖለቲካው የመጀመሪያው ወዳቂ ጆንሰን ራሳቸው ናቸው። ሰውየው በ1964 ከመቶ 61 ድምፅ አግኝተው የተመረጡ፣ የጥቁሮችን የሲቪል መብትና የድምፅ መብት ሕግ ያወጡ፣ ለአረጋውያን የሕክምና መድን ያቋቋሙ መሪ ነበሩ። ጦርነት ባይኖር ታሪክ በምን ያነሳቸው ነበር? በጃንዋሪ 1968 መጨረሻ፣ በቬትናሞች አዲስ ዓመት በቴት በዓል፣ ኮሚኒስቶቹ በመላው ደቡብ ቬትናም ከተሞች ላይ ባንዴ ተነሱ። ሳይጎን ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ ግቢ ሳይቀር ተደፈረ። በጦር ሜዳ ሒሳብ አጥቂዎቹ ብዙ ሰው አልቆባቸው ተመልሰዋል። ነገር ግን «ጦር ከፈታው ወሬ የፈታው» ይባል የለ? «ጠላት አልቆለታል» ሲባል የከረመ ሕዝብ ያለቀለት የተባለው ጠላት ኤምባሲው ውስጥ ሲተኩስ በቴሌቪዥን አየ። የተፈታው ወታደሩ አይደለም፤ እምነቱ ነው።

በፌብሩዋሪ ማብቂያ ዋልተር ክሮንካይት የተባለው፣ ሕዝቡ እንደ ቤተ ዘመድ የሚያምነው የቴሌቪዥን ዜና አንባቢ ከቬትናም ደርሶ ተመልሶ ጦርነቱ የትም እንደማይደርስ ተናገረ። ማርች 31 ቀን ጆንሰን ለሁለተኛ ጊዜ አልወዳደርም አሉ። በኦገስት ዴሞክራቶቹ ቺካጎ ላይ ዕጩ ሲመርጡ ውጭ መንገዱ ላይ ፖሊስ ሰልፈኛውን ይቀጠቅጥ ነበር። በኖቬምበር ሪፐብሊካኑ ኒክሰን ከመቶ አንድ ባልሞላ ልዩነት አሸነፉ። ሰላም አመጣለሁ ብለው ነው የገቡት። እሳቸው ከገቡ በኋላ ግን ከ20 ሺህ በላይ አሜሪካውያን ሞቱ፤ ጦርነቱም ወደ ካምቦዲያ ተሻገረ።

ደሞዝ የሌለው ጋዜጠኛ

አሁን የምነግራችሁን ሳነብ፣ አልደብቃችሁም፣ ልቤ ይሞቃል። ምክንያቱም ባለታሪኩ እንደኔው የማንም ደሞዝተኛ ያልሆነ፣ ጽሑፉን እየዞረ የሚሸጥ፣ በሠላሳዎቹ ዕድሜ የሚገኝ ጋዜጠኛ ነበር።

ማርች 16 ቀን 1968 የአሜሪካ ወታደሮች ሚ ላይ የሚባል መንደር ገብተው ሴቶችን፣ ሽማግሌዎችንና ሕፃናትን ፈጁ። ቬትናሞቹ የሟቾቹን ቁጥር 504 ይሉታል። ሠራዊቱ ነገሩን እንደ ድል ዘግቦ ዘጋው። ሮናልድ ራይደንአወር የሚባል ተመላሽ ወታደር ግን ከጓደኞቹ የሰማው ነገር እንቅልፍ ነሳውና በ1969 ለምክር ቤት አባላትና ለባለሥልጣናት ደብዳቤ ጻፈ። በዚያው ዓመት መኸር ሲይሞር ኸርሽ የተባለው የ32 ዓመቱ ጋዜጠኛ ከጭምጭምታ ተነስቶ ተከሳሹን መቶ አለቃ ዊልያም ካሊን ጦር ሠፈር ድረስ ሄዶ አገኘው። ታላላቅ መጽሔቶች ጽሑፉን አንፈልግም አሉት። በአንድ ትንሽ የዜና ድርጅት በኩል ለየጋዜጣው ሲቀርብ በኖቬምበር 1969 ከ30 በላይ ጋዜጦች አወጡት። ከዚያ በኋላ ማን ይዝጋው?

ፍርዱስ? ከወታደሮቹ ሁሉ የተፈረደበት ካሊ ብቻ ነው። ዕድሜ ልክ ተባለ፤ ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ፣ ያውም አብዛኛውን ቤቱ ተቀምጦ፣ ጨርሶ ተለቀቀ። ብዙው ሕዝብም ያዘነው ለሟቾቹ ሳይሆን ለሱ ነበር። በዚያች ቀን ሄሊኮፕተሩን በገበሬዎቹና በገዛ ጓደኞቹ መሐል አሳርፎ ሰው ያተረፈው ሂዩ ቶምሰን ግን ሜዳልያውን ያገኘው ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1998 ነው። እንግዲህ የአሜሪካን ዴሞክራሲ ስናደንቅ ይኼንንም አብረን እንያዝ።

ሁለተኛው የወረቀት ጦርነት በ1971 መጣ። የመከላከያ ሚኒስትሩ ማክናማራ ጦርነቱ እንዴት እንደተጀመረ በምሥጢር ያስጠኑት 7,000 ገጽ ሰነድ ነበር። ከአጥኚዎቹ አንዱ የነበረው ዳንኤል ኤልስበርግ ሰነዱን በድብቅ ፎቶ ኮፒ አድርጎ ለኒውዮርክ ታይምስ ሰጠ። ጋዜጣው ከጁን 13 ጀምሮ ማውጣት ያዘ። በሰነዱ ውስጥ የተገኘው ምንድን ነው? በተከታታይ የመጡ አራት ፕሬዚዳንቶች ለሕዝቡ የሚናገሩትና ቢሮ ውስጥ የሚያውቁት ለየቅል እንደነበር። መንግሥት «የአገር ደኅንነት» ብሎ ፍርድ ቤት ሄደ። ይህቺ «የአገር ደኅንነት» የምትባል ቃል በሁሉም አገር አንድ ዓይነት ናት መሰለኝ! ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ17 ቀን ውስጥ፣ ጁን 30 ቀን፣ ስድስት ለሦስት በሆነ ድምፅ ለጋዜጦቹ ፈረደ።

ኒክሰን ተናደዱ። ምሥጢር አፍሳሽ የሚያድን ቡድን በዋይት ሐውስ ውስጥ ተቋቋመ፤ የኤልስበርግን የአእምሮ ሐኪም ቢሮ ሰብሮ ገባ። የዚያ ቡድን ሰዎች ናቸው በጁን 1972 በዋተርጌት ሕንፃ የዴሞክራቶቹን ቢሮ ሰብሮ የመግባቱን ሥራ የመሩት። ኦገስት 9 ቀን 1974 ኒክሰን ሥልጣን ለቀቁ። እነሆ ቬትናም ሁለተኛውን ፕሬዚዳንት በላች። በ1964 ከመቶ 77 አሜሪካዊ መንግሥቱን ያምን ነበር፤ ከአሥር ዓመት በኋላ 36 ሆነ። ያ እምነት እስከ ዛሬ ድረስ ወደ ቦታው አልተመለሰም።

ብዕሩ

ደራስያኑስ ምን አደረጉ? በጦርነቱ መሐል ዝም አላሉም። በ1966 ሮበርት ብላይና ዴቪድ ሬይ የተባሉ ገጣሚዎች ጦርነቱን የሚቃወሙ ጸሐፊዎች ማኅበር አቋቋሙ። ብላይ በ1968 ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት ሲያሸንፍ ገንዘቡን እዚያው መድረክ ላይ አልዘምትም ላለ ወጣት ሰጠ። ኖርማን ሜይለር በ1967 በፔንታገን በር ላይ የተደረገውን ሰልፍ፣ የራሱን መታሰር ጭምር፣ በመጽሐፍ ጻፈው።

ትልልቆቹ የጦር ሜዳ መጻሕፍት የመጡት ግን መሣሪያው ዝም ካለ በኋላ ነው። ሳይጎን ኤፕሪል 30 ቀን 1975 ወደቀች። በ1976 ከደረቱ በታች ሽባ ሆኖ የተመለሰው ሮን ኮቪክ፣ በ1977 የማሪን መኮንን የነበረው ፊሊፕ ካፑቶና ጋዜጠኛው ማይክል ኸር፣ ከዚያም እግረኛ ወታደር የነበረው ቲም ኦብራየን መጻሕፍታቸውን አወጡ። የነዚህ ሰዎች ሥራ ልዩ የሚያደርገው ምንድን ነው? ቀረርቶና ፉከራ የለበትም። ኦብራየን በ1990 ያሳተመው መጽሐፍ ወታደሮቹ በጀርባቸው የተሸከሙትን ዕቃ እየቆጠረ ይነሳል፤ አንባቢው ሳያስበው በልባቸው የተሸከሙትን ፍርሃትና ኀፍረት ይቆጥራል። መንግሥት የሟች ቁጥር እያበዛ «ድል» የሚል ሪፖርት ይጽፍ ነበር፤ ደራሲው አንዱን ሟች ይዞ ፊቱን ያሳየናል።

በወዲያኛው ወገንም አሸናፊ የሚባለው ሠራዊት ወታደር የነበረው ባኦ ኒን ሐዘኑን ጽፏል። የሱ መጽሐፍ የድል መዝሙር ስላልሆነ የገዛ አገሩ ሹማምንት አልወደዱለትም። አሸናፊም ተሸናፊም ቁስሉ አንድ ነው ማለት ነው። የተሰደዱት ቬትናሞች ልጆች ደግሞ በተራቸው ጻፉ፤ ቪየት ታን ንዊን በ2016 የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ።

ስለ ስደተኞቹ ካነሳን አይቀር እኛን የሚነካ አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካ በ1980 ያወጣችው የስደተኞች ሕግ በዋነኛነት ያስፈለገው ከቬትናምና ከጎረቤቶቿ በጀልባ ጭምር በሚጎርፈው ሕዝብ ምክንያት ነው። ከደርግ ሸሽተው ሱዳን የነበሩ ብዙ ወገኖቻችን አሜሪካ የገቡት በዚያው ሕግ ነው። ዛሬ ዋሽንግተንና አካባቢዋ የኛ ሰው እንጀራ የሚሸጠውና ቬትናሙ ሾርባውን የሚሸጠው ጎን ለጎን የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ሁለቱንም ጦርነትና አብዮት ነው እዚያ ያደረሳቸው።

በድንጋይ ላይ የተጻፈ ስም

ወታደሮቹ ሲመለሱ የጠበቃቸው አበባ አልነበረም። አንዱ ወገን «ገዳይ» አላቸው፤ ሌላው «ተሸናፊ»። የሌሊት ቅዠታቸው የታወቀ በሽታ ተብሎ በሐኪሞች መዝገብ የገባው በ1980 ነው። በ1982 ዋሽንግተን ውስጥ መታሰቢያ ተሠራላቸው። ንድፉ ከ1,400 በላይ ተወዳዳሪዎች መካከል ያሸነፈው የማያ ሊን ነው፤ የ21 ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች። ፈረስ የለ፣ ሰይፍ የለ፣ የጄኔራል ሐውልት የለ። ጥቁር ድንጋይና ስም ብቻ። ከ58 ሺህ በላይ ስም፣ በማዕረግ ሳይሆን በሞቱበት ቀን ተራ። መጀመሪያ «ይኼ ውርደት ነው» ብለው የጮኹ ነበሩ። አሁን ግን ደጋፊውም ተቃዋሚውም እዚያው ሄዶ ጣቱን በስሙ ላይ ያሳርፋል። በፖለቲካ ያልተስማሙ ሰዎች በስሞቹ ፊት ተስማሙ።

የቬትናሞቹ ሟቾች ስም ግን እዚያ የለም። በ1995 የአገራቸው መንግሥት ባወጣው ቁጥር ሲቪሉ ብቻ 2 ሚሊዮን ነበር።

ታዲያ አሜሪካ ተማረች ወይ? ግማሽ ግማሽ። የግዳጅ ምልመላው በ1973 ቀረ። በ1971 የመምረጫ ዕድሜ ወደ 18 ወረደ፤ ለመሞት የደረሰ ለመምረጥም ይድረስ ተብሎ። በ1973 ፕሬዚዳንቱ ብቻውን ጦር የማዝመት ሥልጣኑን የሚገድብ ሕግ ወጣ። በ2003 ግን ባልተገኘ መሣሪያ ሰበብ ኢራቅ ገቡ። ማክናማራ በ1995 «ተሳስተን ነበር» ብለው መጽሐፍ አሳተሙ። ደግ አደረጉ፤ ግን ለማን? ለሞቱት?

ክቡራትና ክቡራን፣

«ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ይላሉ አበው። የአሜሪካ ውሸት የቀለለው በራሱ ጊዜ አይደለም። ደብዳቤ የጻፈ ወታደር፣ ፎቶ ኮፒ ያደረገ ባለሙያ፣ ደሞዝ የሌለው ጋዜጠኛ፣ መንግሥትን ያልፈራ ዳኛ፣ ፉከራ የናቀ ደራሲ እየተጋገዙ አቀለሉት። ያቺ አገር በጦርነቱ ተሸንፋም ያልፈረሰችው፣ በእኔ ግምት፣ እነዚህ ሰዎች ስለነበሯት ነው።

ስለኛ አንድ ነገር ብቻ ብዬ ልጨርስ። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ተዋግተናል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን እርስ በርሳችን ተላልቀናል። የእነዚህ ሟቾች ስም ከነአባታቸው፣ ከዚያም ከዚህም ወገን ያለው፣ አንድ ላይ ተጽፎ የሚነበብበት ድንጋይ ይቅርና ወረቀት እንኳ እስካሁን አላየሁም። ያያችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። ሐውልቱ ይቆየን፤ ገንዘብ ይፈልጋል። የስም ዝርዝር ግን ወረቀትና ድፍረት ብቻ ነው የሚፈልገው። ወረቀቱ አለን።